በቀብር ቀን ብቻ የሚሞከረው መጋዝ

ለክቡር አቶ ግዛቸው
የዛፍ ክብካቤና የመሣሪያ ብቃት ፍተሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሰላ

ግልባጭ፦ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ለሰፈራችን ነዋሪዎች፣ ለባጃጅና ለጋሪ ነጂዎች፣ እንዲሁም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ሳያነብ ማለፍ ለማይችል መንገደኛ ሁሉ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የጭላሎ ብርድ በዚህ ሰሞን ለእኛ ለለመድነው እንኳ ከብዶናልና ጉንፋን እንዳይዝዎ፣ ወገብዎን እንዳያምዎ፣ በተለይም እጆችዎ እንዳይደነዝዙ ከልቤ እመኛለሁ። እጆችዎን ለይቼ ያነሣሁት በቅርቡ ከብዕርና ከማኅተም የከበደ ነገር ስለጨበጡባቸው ነው፤ ወደዚያ እደርሳለሁ።

ምናልባት ባያስታውሱኝ፣ ተሻለች ወልደ ሚካኤል እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የአለቆችን ደብዳቤ ስተይብ ስለኖርኩ «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው» የሚባለው መቼ እንደሆነ፣ «በአጋጣሚ» የሚለው ቃል የት የት እንደሚሰነቀር፣ «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል» ሲባል ደግሞ የትኛው ሕዝብ ማለት እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። ከዚህ የተነሣ ተጠራጣሪ ሆነሻል ይሉኛል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሰው ደህና አደርሽ ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው ብዬ እንደማስብ እየነገረኝ ይስቅብኝ ነበር። አልዋሸም። እርስዎም ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ የአንዲት ጠርጣራ አሮጊት ወሬ ነው ብለው እንዲጀምሩ እፈቅድልዎታለሁ፤ ሲጨርሱ ምን እንደሚሉ ግን እንተያያለን።

ቀጥሎ ምስጋናዬን ላቅርብ። ጽሕፈት ቤትዎ በባትሪ የሚሠራ ባለ ሰንሰለት የዛፍ መጋዝ ለከተማችን በማስመጣቱ ኮርተናል። በርክክቡ ዕለት ድንኳን ተጥሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ አምቦ ውሃ ታድሎ ነበር፤ እኔም ከፊት ተቀምጬ ነበር። ሪባኑን በመቀስ መቁረጥዎ ትንሽ ቅር ቢለኝም ንግግርዎ ግን ግሩም ነበር። ይህ መሣሪያ ጭስ የለውም፣ ድምፅ አይረብሽም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የተንጠለጠሉ የደረቁ ቅርንጫፎችንና በነፋስ የወደቁ ዛፎችን ለማንሳት ነው፤ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ግን የመቁረጥ ብቃቱ በልዩ ልዩ የእንጨት ዓይነቶች ላይ በሳይንሳዊ መንገድ ይፈተሻል አሉ። ወዲያውም በግቢያችሁ በተከመረ የደረቀ ባሕር ዛፍ ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። መጋዙን የያዘው ሠራተኛዎ ሚፍታ ነበር። ግንዱ እንደ ዳቦ ተቆረጠ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ያን ዕለት ማጨብጨቤን ዛሬም አልክድም።

እንግዲህ ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እርስዎም ቢሮዎ፣ እኔም ጓሮዬ ነበርን። አላበቃም። ቅሬታዎቼን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ያልተቆጠረ ቅሬታ እንደማይቀበል በሩ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁና።

፩ኛ. ስለ መጋዙ ጸጥታ

ድምፅ አያሰማም ብለው ያመሰገኑት መጋዝ በእርግጥም ድምፅ አያሰማም፤ የልብስ ስፌት መኪና ያህል ቢንጫጫ ነው። የቤንዚኑ መጋዝ ቢሆን ኖሮ ገና ሲነሣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል፣ ውሻው ይጮሃል፣ ሰው በየበሩ ብቅ ይላል፣ የትኛው ዛፍ እንደሆነ ይጠይቃል። ታዲያ አንድ ቢሮ በዛፍ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሕጋዊ ሥራ የሚሠራ ከሆነ ጎረቤት ባይሰማ ምን ይጠቅመዋል ብዬ አሰብኩ። ማሰብ ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ስላላየሁ ነው።

ጭስ የለውም ስለተባለውም አንድ ነገር ልበል። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ መብራት ደግሞ እንደሚያውቁት ይጠፋል፣ የመጋዙ ባትሪ የሚሞላው በጽሕፈት ቤትዎ ጄኔሬተር ነው። ጭሱ እስከ ልብስ ማስጫዬ ይደርሳል። ጭስ የሌለውን መሣሪያ በጭስ የምትቀልቡበት ምክንያት ሳይንሳዊ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ እኔ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጆሮዬን የማቆመው ለመጋዙ ሳይሆን ለጄኔሬተሩ ሆኗል።

፪ኛ. ስለ ሙከራው ቀን አመራረጥ

ሁለተኛው ሙከራ በቆሙ ዛፎች ላይ መሆን እንዳለበት ተነገረን። መቼ እንደሚሆን ግን አልተነገረንም። የሆነው የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ተነፍቶ፣ አውቶቡስ ተከራይተን፣ ሽማግሌ ሕፃን ሳይቀር ጢቾ ለቀብር በሄድንበት ቀን ነው። አልቅሰን፣ ደክመን፣ አመሻሽ ላይ ስንመለስ ከመንገዱ ዳር ሁለት ጽዶች የሉም። ግንዱ የለም፣ ቅርንጫፉ የለም። ከዓመት ዓመት የቦይ ቆሻሻ ያላነሣው ጽሕፈት ቤትዎ ያን ዕለት ሰጋቱራውን ሳይቀር ጠርጎ ወስዶታል። ጉቶዎቹ ላይ ደግሞ ጭቃ ተለጥፎባቸው ነበር። ክቡር ሆይ፣ ሙከራ ያደረገ ሰው ውጤቱን ያሳያል እንጂ በጭቃ ይለስነዋል?

ሦስተኛው ሙከራ ከጽዶቹ ቀጥሎ በቆመው የኮሶ ዛፍ ላይ ሆነ። ያን ዕለትም ቀብር ላይ ነበርን። ቢሮዎ መጥቼ ስጠይቅ በታላቅ ትሕትና «በአጋጣሚ ነው» ተባልኩ። ቃሉን እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተይቤዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ባሳለ ቁጥር ዓይኔ ዛፍ ዛፉን ያያል። የታመመ ለመጠየቅ ስሄድ በሽተኛውን እግዜር ይማርህ እልና ስወጣ የቀሩትን ዛፎች ቆጥሬ እገባለሁ። አንድ ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያለ ጠባይ ማውጣት አልነበረበትም።

እዚህ ላይ ስለ አብዶም ላንሣ። አብዶ ጋሪ ነጂ ነው። ባለፈው ክረምት ለጋሪው ዘንግ የሚሆን አንድ ቅርንጫፍ፣ ያውም ከራሱ ጓሮ፣ ያለ ፈቃድ ቆርጠሃል ተብሎ የቀጣችሁት እናንተ ናችሁ። አገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው የሚለውን ማስታወቂያ የለጠፋችሁትም እናንተ ናችሁ። ስጠይቅ የተነገረኝ መልስ፣ ሙከራ ቆረጣ አይደለም የሚል ነው። ዛፉ ልዩነቱን ያወቀው አልመሰለኝም።

፫ኛ. ስለ ዛፎቹ አመራረጥ

ከቤቴ በላይ በኩል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ የተጋደመ የደረቀ ባሕር ዛፍ አለ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እሳት ይተፋል። ንግግርዎ ላይ መጋዙ የመጣው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው ብለው ነበር። ሦስት ጊዜ አመለከትን። እስካሁን ማንም አልነካውም፤ ለሙከራ የሚመጥን አልሆነ ይሆናል።

የተመረጡትስ? ሁለቱ ጽዶችና ኮሶው ከአስፋልቱ ጀምረው ተከታትለው የቆሙ ነበሩ። በኮሶው ጉቶ ላይ ቆሜ በቀጥታ ስመለከት መስመሩ የሚያደርሰኝ አቶ ፍሰሐ ከሚያሠሩት ባለ አራት ፎቅ ፔንሲዮን በር ላይ ነው። አቶ ፍሰሐ ነጋዴ ናቸው፤ የሕንጻቸው ጀርባ እንጂ ፊቱ ወደ አስፋልት ስላልሆነ መኪና የሚያስገባ መንገድ የላቸውም። አልነበራቸውም ማለቴ ነው። ከሦስት ሙከራዎች በኋላ ሊኖራቸው ምንም አልቀረውም። የቀረው አንድ ወይራ ብቻ ነበር።

ያ ወይራ ተራ ዛፍ አይደለም፣ ክቡር ሆይ፣ ይህን እርስዎም ከእኔ ባላነሰ ያውቃሉ። የአዴ ገነሜ፣ በአማርኛው የወይዘሮ ገነሜ፣ ይዞታ ድንበር ነው። አዴ ገነሜ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሁለት ላሞች አልበው ወተት የሚሸጡ፣ ከዚያች ጓሮ በቀር በዚህ ምድር ላይ ሌላ መሬት የሌላቸው ሴት ናቸው። ይዞታቸው የት ድረስ ነው ተብሎ ማንም ቢጠየቅ፣ የለካውም ያስለካውም፣ እስከ ወይራው ድረስ ነው ይላል። ወይራው ከሌለ ድንበሩ የአቶ ፍሰሐ ቆርቆሮ አጥር የቆመበት ነው። የአቶ ፍሰሐ አጥር ደግሞ በየክረምቱ እየተራመደ የሚያድር አጥር ነው። እንግዲህ መጋዙ በወይራ ላይ ያለውን ብቃት ለማወቅ ያደረባችሁ ጉጉት ከየት እንደመጣ ብጠረጥር አይፍረዱብኝ።

፬ኛ. ስለ አራተኛው ሙከራ

ጡሩምባው እንደገና በተነፋ ጠዋት ጄኔሬተራችሁም አብሮ ተነሣ። በዚህ ጊዜ እኔም ሙከራ ለማድረግ ወሰንኩ። ጥቁር ለበስኩ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ፣ ከለቀስተኛው ጋር ወጣሁ፣ የቢሮዎ ዘበኛ በደንብ እንዲያየኝም በፊት ለፊቱ እያለቀስኩ አለፍኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ በጓሮ መንገድ ታጥፌ ቤቴ ተመለስኩና ወይራውን ከሚያሳየው አጥሬ ሥር ተቀመጥኩ። ሟቹ ነፍሱን ይማረው፣ ይቅርም ይበለኝ፤ እድሬ ቀጥቶኛል፣ ቅጣቱንም ደስ ብሎኝ ተቀብያለሁ።

ብዙ አልጠበቅኩም። መኪናዎ መጣች። እርስዎ ወረዱ፣ ሚፍታ መጋዙን ይዞ ወረደ፣ የአቶ ፍሰሐ ዘበኛም ገመድ ተሸክሞ ወረደ። ዛፍ የመቁረጥ ብቃትን ለመፈተሽ ዛፉን ወደ ፈለጉት በኩል የሚስብ ገመድ ለምን እንደሚያስፈልግ እስካሁን አልገባኝም። የአቶ ፍሰሐ ዘበኛ ከመቼ ጀምሮ የጽሕፈት ቤትዎ የሙከራ ባለሙያ እንደሆነም አላወቅሁም።

አዴ ገነሜ እግራቸውን ስለሚያማቸው ቀብር አልሄዱም ነበር። ወጥተው ምን እንደመጣ በኦሮምኛ ጠየቁ። እርስዎም እዚሁ ተወልደው ያደጉ ነዎትና ከእርሳቸው ባልተናነሰ ኦሮምኛ፣ ሙከራ ነው፣ ምንም አይደለም ብለው መለሱላቸው። ሴትዮዋ አልተከራከሩዎትም። ተመልሰው ገቡና ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ እንግዳ ቢኖር ብዬ ነው እንጂ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ሲንቄ የአርሲ እናት ልጇን ስትድር በእጇ የምትሰጣት ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ናት። አይመቱባትም፣ ከብት አይነዱባትም። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዲት ሴት ሲንቄዋን በመካከላቸው ካኖረች፣ ጦር ያነሣ ወንድ እንኳ ቢሆን ክንዱን ያጥፋል፣ አልፏት የሚሄድ የለም። እኔ በዘሬ ከሸዋ ከመጡት ወገን ነኝ፤ እናቴ ሲንቄ አልሰጠችኝም። ግን እዚህ አድጌ ሲንቄ ሲቆም ወንዶች እንዴት እንደሚቆሙ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

አዴ ገነሜ ሲንቄያቸውን ወይራው ግንድ ላይ አስደገፉና ከጎኗ ቆሙ። ሚፍታ ወዲያው ቆመ። ባትሪውን ከመጋዙ አወጣ፣ መጋዙን ሣሩ ላይ አስቀመጠ፣ ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ኋላ ሄደ። የአቶ ፍሰሐ ዘበኛ ሳይቀር ገመዱን ለቀቀ። እኔም ከዚህ በኋላ መደበቁ ምን ይረባል ብዬ ወጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ስለእርስዎ ክፉ በማሰቤ ልጸጸት ዳር ዳር እያልኩ ነበር።

እርስዎ ሰዓትዎን አዩ። ቀጭን ደረቅ እንጨት ላይ ሙከራ አልተደረገም ነበር፣ ይቺ ትመቻለች አሉ። ከመኪናው ሌላውን ባትሪ አምጥተው በገዛ እጅዎ ከተቱ፣ መጋዙን አነሡ፣ የአዴ ገነሜን ሲንቄ ከሁለት ቆረጧት።

ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያን ዕለት ግን ስለ ሰው አፍሬ አላውቅም። አዴ ገነሜ አልጮሁም፣ አልረገሙም። ጎንበስ ብለው ሁለቱን ቁራጭ አነሡና ሻሻቸውን አውልቀው ጠቀለሉባቸው፣ ደረታቸው ላይም ያዟቸው። እናታቸው የሰጠቻቸው ናት። ሚፍታ ፊቱን አዙሮ ያለቅስ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ፣ የጠዋቱ ለቅሶዬ የማስመሰል ነበር፣ ይኼኛው አልነበረም።

እርስዎ ግን ሥራ ወዳድ ነዎትና አላቆሙም። መጋዙን ወይራው ላይ አሳረፉት። አንድ ጋት ያህል ከገባ በኋላ ዘመም ያለው ግንድ በራሱ ክብደት ተጭኖ መጋዙን ነከሰው። ሰንሰለቱ ቆመ፣ የባትሪው መብራት ቀይ ሆነ። ጎተቱ፣ ዘበኛው መጥቶ ሳበልዎ፣ ኮትዎን አውልቀው እንደገና ጎተቱ። አልወጣም። በመጨረሻ መጋዙን ዛፉ ውስጥ ትተውት ሄዱ፤ ሚፍታ በእግሩ ነው የሄደው፣ መኪናዎ ውስጥ አልገባም አለ።

፭ኛ. ስለ ቀረበው ሪፖርት

በዚያው ሳምንት በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የሙከራውን ውጤት በራስዎ አንደበት አቀረቡልን። መጋዙ በቀጭን ደረቅ እንጨት ላይ ያሳየው ብቃት እጅግ አመርቂ ነው አሉ። በወይራ ላይ ያለው ውጤት በመጠናት ላይ ነው አሉ። መሣሪያው አሁን የት ነው ተብለው ሲጠየቁ በመስክ ሥራ ላይ ይገኛል አሉ። አንድም ውሸት የለበትም፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሪፖርት በሥራ ዘመኔ ቢገጥመኝ ኖሮ ሳላርም ነበር የምተይበው።

ሲንቄዋ ስትነሣ ግን፣ አላወቅሁም ነበር፣ የወደቀ ቅርንጫፍ መስሎኝ ነው አሉ። እዚህ ላይ ነው ያልተግባባነው። አዴ ገነሜ ያቺን በትር ከተዳሩ ጊዜ ጀምረው ቅቤ እየቀቡ ነው ያኖሯት፤ በፀሐይ ታብለጨልጭ ነበር። ቅቤ የተቀባ ቅርንጫፍ የሚያበቅል ዛፍ የት እንዳለ ጽሕፈት ቤትዎ ቢጠቁመን እኛም ችግኙን እንተክል ነበር። ደግሞስ ሚፍታ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ለቅርንጫፍ መሰለዎት? እርስዎ አላወቁም ብሎ ማመን ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ፤ ያውቁ ነበር። ስላወቁም ነው የቆረጧት፣ ሲንቄዋ እዚያ ቆማ ሳለ ወይራው እንደማይወድቅ ስለሚያውቁ።

እንግዲህ አሁን ያለንበትን ሁኔታ ባጭሩ ላስረዳ፤ ከቢሮዎ መስኮት በግማሽ ስለሚታይ ሌላውን ግማሽ ልሙላልዎ ብዬ ነው። ሲንቄ መሰበሯ እንደተሰማ ሴቶቹ ወጡ። ከጮሌ በኩል በሌሊት ተነሥተው የመጡ አሉ፣ ከዙሪያው ገጠርም፣ ከዚሁ ከሰፈሩም። እያንዳንዷ ሲንቄዋን ይዛለች። ወይራውን ከበው ተቀምጠዋል፤ መጋዝዎ በመካከላቸው ከግንዱ ላይ እንደተሰካ ነው፣ ማንም አልነካውም፣ አንዷ እንዲያውም ዝናብ እንዳይመታው ፌስታል አልብሳዋለች። ቤታቸውን፣ ላሞቻቸውን፣ ልጆቻቸውን ለወንዶቹ ትተው ነው የመጡት፤ ዕርቅ ሳይወርድም አይመለሱም። ወንዶቹ ማለብ እየተማሩ ነው። የእርስዎም ሠራተኞች ሰሞኑን አርፍደው፣ ልጅ አዝለው፣ ያልተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው የሚገቡት ሚስቶቻቸው እዚህ ስላሉ ነው፤ ደመወዝ እንዳይቆርጡባቸው በትሕትና እለምናለሁ። ባጃጆች እርስዎን አናሳፍርም ያሉት ማንም አዟቸው አይደለም። የፔንሲዮኑ ግንበኞችም ሥራ አቁመዋል። አቶ ፍሰሐ በበኩላቸው እርስዎን በሰላምታ ካልሆነ በቀር እንደማያውቁዎት፣ ዛፍ ቁረጡልኝ ብለው እንዳልጠየቁ ለአገር ሽማግሌዎች ነግረዋል። አጥራቸውንም በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ኋላ መልሰዋል። እንዲህ በፍጥነት የተረሳ ወዳጅነት አይቼ አላውቅምና አዝኜልዎታለሁ።

የሚጠበቅብዎት ብዙ አይደለም። ማመልከቻ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ኮሚቴም አይቋቋምለትም። ሽማግሌዎችን ይዘው፣ የካሣ ጊደር አስጎትተው፣ የይቅርታ መለመኛውን እርጥብ ሣር በእጅዎ ጨብጠው፣ በእግርዎ ይመጣሉ። አዴ ገነሜ ፊት ቆመው በድያለሁ ይላሉ። የወይራው ድንበርነትም እዚያው፣ ሴቶቹ ሁሉ በሚሰሙበት፣ በእርስዎ አፍ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ይቅር ይበሉዎት አይበሉዎት የእርሳቸው ነው፤ እኔ ስለማላውቀው ነገር ቃል አልገባም። ሰዎቹ ግን ይቅርታ ማድረግ ያውቁበታል፣ አይቻለሁ። የእኔ ጥርጣሬ ብቻ ነው ይቅርታ የማያውቀው፤ እሱንም ቢሆን እታገለዋለሁ።

በመጨረሻም ለከተማችን ስላመጡልን ዘመናዊ መሣሪያ፣ ለዛፎቻችን ስላሳዩት ሳይንሳዊ ጉጉት፣ ሙታኖቻችንን ተረጋግተን እንድንቀብር ሰፈራችንን በማይረብሽ ጸጥታ ስለጠበቁልን፣ እንዲሁም አንዲት ተቀምጣ የነበረች ጡረተኛ ብዕሯን እንድታነሣ ስላደረጉ ከወንበር ተነሥቼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ወንበርዎ የሚመችዎ፣ ባትሪዎ የማያልቅ፣ እንቅልፍዎም የሰላም ይሁን።

ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር፣
ሲጠሯት የምትመጣ፣ ቀብር ግን ከእንግዲህ አጣርታ የምትሄድ ጎረቤትዎ፣
ተሻለች ወልደ ሚካኤል

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት አብዶ በጋሪው አንዲት ሴት ይዞ መጣ። ወይዘሮ ታየች፣ እናትዎ ናቸው። ከከተማው ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው መሆናቸውን ያውቃሉ። ሲንቄ ተቆረጠች የሚል ወሬ ሰምተው፣ ማን እንደቆረጣት ግን ሳይሰሙ፣ እኔም ሴት ነኝ አድርሱኝ ብለው ነው የመጡት። እንደ እኔ ሁሉ እርሳቸውም ሲንቄ የላቸውምና አዴ ገነሜ ከሁለቱ ቁራጭ አንዱን ሰጥተዋቸዋል፤ እሱን ይዘው ከጎናቸው ተቀምጠዋል፣ ቤት ግቡ ቢባሉም እምቢ ብለዋል። አጠገባቸው የምትቀመጠውን ሁሉ ይህን ያደረገው የማን ልጅ ነው ብለው ይጠይቃሉ። ሴቶቹ ስምዎን በፊታቸው ላለማንሣት ተስማምተዋል፤ አዴ ገነሜ ናቸው እንዲህ ይሁን ያሉት። እኔ ግን ስምዎ በአናቱ ያለበትን ይህን ደብዳቤ ቅዳሜ ሲለጠፍ እንዳነብላቸው እናትዎ ለምነውኝ እሺ ብያለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው።